ድንጋዩ ላይ ያለው 19

ሶፊያ፣ ኦክቶበር 5 ቀን 1998

ውድ ወይዘሮ ጾንካ፣

የላኩልን መልስ ደርሶኛል። የተጠበሰው ቃሪያም ደርሷል። መልሱን እኔ ፋይል ውስጥ አስገባሁት፣ ቃሪያውን ፕሮፌሰሩ ወሰዱት። ባዶ ጠርሙሱ እንዲመለስልዎ ስላሳሰቡ ታጥቦ በአውቶብሱ ሾፌር እጅ ይላክልዎታል።

«ለመሆኑ እስከ መቼ ነው የምትጽፉልኝ?» ላሉት መልሱ ይህ ነው። በሜይ 1995 ጡትዎ በቀዶ ሕክምና ከወጣ በኋላ አዲሱን መድኃኒት ለመውሰድ ፈርመው ጥናታችን ውስጥ ገብተዋል። መድኃኒቱ ካንሰሩን እንዳይመለስ ያግደው እንደሆነ ለማወቅ እያንዳንዷን ሴት አምስት ዓመት መከታተል አለብን። ስለዚህ እስከ ሜይ 2000 ድረስ በየስድስት ወሩ እነዚያኑ አምስት ጥያቄዎች እልክልዎታለሁ። እንደሚሰለቹ አውቃለሁ፤ እኔንም ይሰለቹኛል።

የዚህ ጊዜው መልስዎ ግን ጎደሎ ነው። ስለ ምግብ ፍላጎትዎ ገጽ ሙሉ ጽፈው አራተኛውን ጥያቄ ዘለውታል። ጥያቄው «በጠባሳው አካባቢ፣ በብብትዎ ወይም በአንገትዎ ሥር አዲስ እብጠት አግኝተዋል?» የሚል ነው። «አዎ» ወይም «የለም» ይበቃኛል።

ደግሞ ከግርጌው ላይ «ለማንኛውም እስከሚመጣው ዓመት መጨረሻ ስለሆነ ብዙ አትድከሚ» ብለው የጻፉት አልገባኝም። ይህን ያለዎት ማነው? ዶክተር ከሆነ ስሙን ይንገሩኝ።

አክባሪዎ
ዶክተር ኢስክራ ታባኮቫ


ካሊን ዶል፣ ኦክቶበር 27 ቀን 1998

ለልጄ ለዶክተር ኢስክራ፣

እንዴት ከርመሻል? ሥራ በዛብሽ? ሶፊያ ጭጋጓን ጀመረች? እኛ በጎ ነን። ባሌ ቫልቾም በጎ ነው፣ ፍየሎቹም ደህና ናቸው። መልስ በማዘግየቴ እንዳትቀየሚኝ። ፕለሙ የሚቀቀልበት ጊዜ ነበር፤ ከዚያ ጎመኑ ለክረምት በበርሜል ጨው ውስጥ መግባት ነበረበት፤ ከዚያ ደግሞ የሙታን ቅዳሜ ደረሰ። ጠርሙሱ በደህና ገብቷል። ክዳኑ የኔ አይደለም፣ ግን ይገጥማል።

ማነው ያለሽ ላልሽኝ፣ ዶክተር አይደለም። ድንጋይ ጠራቢው ሚንኮ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኔ እናንተ ጋ ተኝቼ ሳለሁ ቫልቾ እዚህ ብቻውን ነበር። ሊጠይቀኝ መጥቶ በተመለሰ ማግስት ሚንኮ ዘንድ ሄደና የሁለታችንን የመቃብር ድንጋይ አሠራ። ከሆስፒታል ስመለስ ቆሞ አገኘሁት። ድንጋዩስ ጥሩ ድንጋይ ነው፤ ግራጫ ሆኖ የሁለታችን ፎቶ አለበት፣ የኔው ቆንጆ ሳለሁ የተነሳሁት ነው። በእሱ ስም ሥር «1936» ተጽፏል፣ ቀጥሎ ሰረዝ፣ ቀጥሎ «19»፣ ከዚያ ሁለት ቁጥር የሚይዝ ባዶ ቦታ። በኔም ሥር «1939»፣ ሰረዝ፣ «19»። ሚንኮ ለሁሉም እንደዚያ አድርጎ ነው የሚሠራው፤ ቀኑ ሲደርስ ሁለት ቁጥር ብቻ ጨምሮ እንዲገላገል። እናንተን ከተሜዎቹን ይዘገንናችሁ ይሆናል። እዚህ ግን ስሙን ድንጋይ ላይ ሳያስጽፍ የሚያረጅ ሰው ዝርክርክ ነው የሚባለው። ባለፈው ቅዳሜ መንደሩ ሁሉ ንፍሮና ወይን ጠጅ ይዞ ለሙታኑ ሲወጣ እኔም የራሴን ፎቶ በጨርቅ ወልውዬ፣ አረሙን ነቅዬ መጣሁ።

እና «19» ከተባለ ያለኝ ጊዜ እስከሚመጣው ዓመት ዲሴምበር ነዋ። ከዚያ ወዲያ ያለው በሃያ ነው የሚጀምረው። ሰው ሁሉ ይቀልድብኛል፣ እኔም አብሬ እቀልዳለሁ።

በጥያቄ ወረቀቱ ስለ ክንዴ ላልሽኝ፣ ይነሳል። ከላይኛው መደርደሪያ ጠርሙስ አወርድበታለሁ። በስልክ ግን አደራ እንዳትደውዪ። ያለን ስልክ የፖስታ ቤቱ ብቻ ነው፤ እኔ «ሃሎ» ሳልል ፖስተኛዋ ጌና ሰምታ፣ ለጎረቤት ነግራ፣ ጎረቤት አልቅሶ ያበቃል።

ሩሳና እንዴት ናት? ያቺ አጠገቤ ተኝታ የነበረችው፣ ከቪዲን በኩል የመጣችው፣ ነርሶቹን እያስመሰለች ስፌታችን እስኪላቀቅ የምታስቀን። እኔ በፈረምኩበት ቀን ነው እሷም የፈረመችው። ለፋሲካ ካርድ ልኬላት አልመለሰችልኝም። እሷ ደግሞ ካርድ የምትዘነጋ ሰው አይደለችም።

ጾንካ


ሶፊያ፣ ዲሴምበር 1 ቀን 1998

ውድ ወይዘሮ ጾንካ፣

ደብዳቤዎን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ስለ ድንጋዩ ብዙ፣ ስለ ጎመኑ ጥቂት ጽፈዋል። አራተኛው ጥያቄ እንዳለ ነው።

የነዚህን ደብዳቤዎች መልስ ማንበብ ሥራዬ ነው። የሰዓት ፋብሪካ ሠራተኛም የመምህር ሚስትም ይጽፉልኛል፤ አንዷ በአጭሩ፣ አንዷ በረጅሙ። ያንን ጥያቄ ረስታ የዘለለች ሴት ግን እስካሁን አላጋጠመችኝም።

ስልኩን በተመለከተ ፈቃድዎን አከብራለሁ፣ አልደውልም። በምትኩ ጃንዋሪ ውስጥ ወደ ሶፊያ መጥተው እንዲታዩ እፈልጋለሁ። ግማሽ ቀን ነው የሚወስደው፤ በዚያው ቀን ማታ ቤትዎ ይደርሳሉ።

ስለ ድንጋይ ጠራቢው አንድ ነገር ብቻ ልበል። ለመንደሩ ሁሉ ያንኑ ቁጥር የሚጽፍ ከሆነ ስለ እርስዎ ለብቻው የሚያውቀው ነገር የለም ማለት ነው።

ለአቶ ቫልቾ የበዓል ሰላምታዬን ያቅርቡልኝ።

አክባሪዎ
ዶክተር ኢስክራ ታባኮቫ


ካሊን ዶል፣ ጃንዋሪ 29 ቀን 1999

ለዶክተር ኢስክራ፣

ይኸው ጃንዋሪ አለቀ፣ አልመጣሁም። ይቅርታ አድርጊልኝ። በረዶው መንገዱን ዘግቶት ነው ልልሽ ወረቀት አነሳሁና አፈርኩ። መንገዱ ክፍት ነበር። አውቶብሱ ማክሰኞ ማክሰኞ በራችን ላይ ነው የሚያልፈው፣ ሾፌሩም እጁን ያውለበልብልኛል።

ስለ ሩሳና ምንም አላልሽኝም። ምናልባት ተርፎት ይሆናል ብዬ ገጹን ገልብጬ ጀርባውንም አየሁት። እኔን ዘለልሽ ትዪኛለሽ፤ አንቺስ? ደህና ብትሆን «ደህና ናት» ብለሽ ታልፊ ነበር። ስለዚህ አወቅሁት። አንድ ቀን ሙሉ ሥራ አልያዝ አለኝ። መቼ እንደሆነና እንዴት እንደሆነ ግን ንገሪኝ፤ አጠገቧ ተኝቼ አብሬያት ያቃሰትኩ ሰው ነኝ፣ ይገባኛል።

በዕድሜ ስለምበልጥሽ እኔ ልቅደም። አዎ። በግራ ብብቴ ነው። ባቄላ ታክላለች። ሴፕቴምበር ላይ ቃሪያ ስንጠብስ ላቤን ልጠርግ እጄን ስሰድ አገኘኋት። አታመኝም። ቫልቾ አያውቅም።

አልመጣም። ምክንያቱን ልንገርሽ እንጂ እንድትለማመጪኝ አይደለም። ቢላዋውን አልፈራም፣ አንዴ ቀምሼዋለሁ። ቫልቾን ነው የምፈራው። ያን ጊዜ ከሆስፒታል ስመለስ ያገኘሁት ሰው ያገባሁት ሰው አልነበረም። ሱሪው ከወገቡ ወልቆ በገመድ አስሮታል። ጎረቤታችን እንደነገረችኝ፣ እኔ በሌለሁበት ምድጃ አንድዶ አያውቅም፤ ዳቦ በእጁ ይዞ በር ላይ ይቆማል አሉ፣ ሳይበላው ይገባል። ያ ሰው ተመልሶ ቤቴ እንዲገባ አልፈልግም። ዓመቱ እንደሁ ተጽፏል። ቀሪውን ሳይጨነቅ፣ ከፍየሎቹ ጋር እየተነታረከ ያሳልፈው።

የሩሳናን ነገር አደራ።

ጾንካ


ሶፊያ፣ ፌብሩዋሪ 22 ቀን 1999

ውድ ወይዘሮ ጾንካ፣

ሩሳና ያረፈችው በማርች 1998 ነው። የእርስዎ ካርድ ሲደርስ እዚያ ቤት ውስጥ ካርድ ለመመለስ አቅም ያለው ሰው አልነበረም።

እብጠቱን ያገኘችው ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት በጋ ላይ ነው። መጀመሪያ ቲማቲሙ፣ ቀጥሎ ቃሪያው፣ ቀጥሎ ወይኑ ይለቅ ብላ ጠበቀች። ኖቬምበር ላይ ስትመጣ ጓዳዋ ሙሉ ነበር፤ እኛ ልንሠራላት የምንችለው ነገር ግን አልነበረም። እሷ አራተኛውን ጥያቄ አልዘለለችም። «የለም» ብላ በጥሩ የእጅ ጽሑፍ ጽፋለች። ዋሽታኛለች። እርስዎ ለመዋሸት አቅቶዎት ስለዘለሉት ብቻ ነው እኔና እርስዎ ዛሬ የምንነጋገረው።

ለምን አልነገርኩዎትም? ደንቡ ስለ አንዷ ታካሚ ለሌላዋ እንዳናወራ ይከለክላል። ይህ እውነት ነው። ደንቡን የማላከብርባቸው ቀናት እንዳሉም እውነት ነው። የሩሳናን ሲሰሙ «እንግዲያው ምን ዋጋ አለው» ብለው ሁሉንም እንዳይተዉት ፈርቼ ነው።

መጥተው ይታከሙ፣ ይድናሉ ብዬ ቃል አልገባም። በእንዲህ ዓይነት ጊዜ ቶሎ ከመጡት ውስጥ ብዙዎቹ እስካሁን መልስ ይጽፉልኛል። ሁሉም ግን አይጽፉም። ካልመጡት ውስጥ የሚጽፍልኝ የለም። የማውቀው ይህን ያህል ነው።

ስለ አቶ ቫልቾ ያሉትን ደጋግሜ አሰብኩበት። ባልዎ እንዳያዝን ብለው፣ ሳያውቅ ሊሞቱበት ነው። ይህ ሂሳብ ለኔ አይገባኝም።

የማርች አንድ ክር አያይዤ ልኬያለሁ። ቀዩና ነጩን ያጎነጎንኩት ራሴ ነኝ፣ ስለዚህ ቢጠማዘዝ አይሳቁብኝ። እጅዎ ላይ ይሰሩት፤ እንደወጉ እስከ መጀመሪያው የዛፍ አበባ ድረስ አይፍቱት።

ኢስክራ


ካሊን ዶል፣ ኤፕሪል 20 ቀን 1999

ለልጄ ለኢስክራ፣

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሰሽ። ክሩን አሥሬው ነበር፤ ፕለሙ ሲያብብ ፈትቼ ዛፉ ላይ ሰቀልኩት። እውነትም ጠማማ ነው፣ ግን አልሳቅሁም። ለሩሳና ሻማ አበራሁ። ስለነገርሽኝ እግዜር ይስጥሽ። «ጓዳዋ ሙሉ ነበር» ያልሽው ነገር ግን አንጀቴን በላው። ያን ሁሉ ጠርሙስ ማን በላው ይሆን?

የኔ ሂሳብ አልገባሽም። አላገባሽም መሰለኝ። ብታገቢ ይገባሽ ነበር።

ለማንኛውም የሆነውን ልንገርሽ። በትንሣኤ ማግስት ቀይ ዕንቁላል ይዤ ወደ መቃብሩ ስወጣ ሚንኮን አገኘሁት፤ የአንዱን ድንጋይ ያቀናል። ምን እንዳሰብኩ እኔንጃ፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ ጠየቅሁት።

«ሚንኮ፣ ይሄ አሥራ ዘጠኝ ወደ ሃያ መለወጥ ይችላል?»

«ለማን ነው?»

«ለኔ ነው እንጂ ለማን ይሆናል!»

«አንቺማ ገና ስምንት ወር አለሽ። ምን አስቸኮለሽ?»

«ባልፈውስ?»

«ኧረ በእናትሽ ጾንካ፣ ጉድ አትሥሪኝ! አንዱንና ዘጠኙን በሲሚንቶ ደፍኜ ነው ከላዩ የምጽፈው። የመጀመሪያው ውርጭ ሲመጣ ይረግፋል። ከዚያ ያለፈ ያገደመው ሁሉ የሚንኮን ሥራ እዩት ይላል። የስንት ዘመን ጎረቤት ነን፤ እስከ ዲሴምበር ጨርሺልኝ።»

«የቄሱስ? የሳቸውም አሥራ ዘጠኝ ነው እኮ።»

«እሱን አታንሺብኝ! ባለፈው ጠርተውኝ 'ሚንኮ፣ ጌታ የጠራኝን ቀን ካንተ ነው የምሰማው?' ብለው ወረዱብኝ። እኔ ምን ላድርግ፣ አባቴም እንደዚህ ነበር የሚሠራው። ሃያ የሚባል ነገር ይመጣል ብሎ ያሰበ ማን አለ?»

ሁለታችንም ሳቅን። ለካስ ግማሹ መንደር በአሥራ ዘጠኝ ቆሞ ይጠብቃል። ቤቴ ስገባ ግን ሳቄ የት እንደገባ አላውቅም። እስከዚያች ቀን ድረስ ዲሴምበርን እንደ ማንኛውም ወር ነበር የማየው። አሁን ዶሮ ስመግብም እቆጥራለሁ።

ይህ ማለት ግን እመጣለሁ ማለት አይደለም።

ጾንካ


ሶፊያ፣ ኤፕሪል 30 ቀን 1999

ውድ ወይዘሮ ጾንካ፣

ትክክል ነዎት፣ አላገባሁም።

ለማክሰኞ ሜይ 18 አልጋ ይዤልዎታለሁ። ባይመጡም ያ አልጋ በዚያን ቀን ለሌላ ሰው አይሰጥም፤ ዋና ነርሷ ተቆጥታኛለች፣ ችየዋለሁ። ለባልዎ አልጽፍም፤ የሚነግሩት እርስዎ ነዎት፣ ወይም የማይነግሩት።

ከዚህ ሌላ የምጨምረው የለኝም።

ኢስክራ


ካሊን ዶል፣ ሜይ 11 ቀን 1999

ኢስክራ ልጄ፣

የሆነውን ከጌና በስልክ ከምትሰሚው ከኔ ብትሰሚው ይሻላል።

ያ ሚንኮ መጠጥ ቤት ገብቶ የኔን ጥያቄ እንደ ቀልድ አውርቶታል። «ጾንካ ሃያውን ጻፍልኝ አለችኝ» ብሎ። ሰው ሁሉ ሲስቅ ቫልቾ ብርጭቆውን አስቀምጦ ወጣ አሉ። እኔ የፍየል ወተት እያጠለልኩ ነበር፣ በሩ ላይ ቆመ።

«ሚንኮን ምን ብለሽ ጠየቅሽው?»

«ቀልዴን ነው።»

«በዚያ ድንጋይ ስትቀልጂ ስንት ዓመት ሰማሁሽ። ለውጥልኝ ብለሽ ግን ጠይቀሽ አታውቂም። የት ጋ ነው?»

ምን ብዬ ልዋሸው? እጄን አንስቼ አሳየሁት። በሁለት ጣቱ ነካት፤ ዶሮ ዕንቁላሏን እንደታቀፈች ለማየት እንደሚዳስስ ሰው፣ ቀስ ብሎ። ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን መዶሻና መሮውን ይዞ ወጣ። እኔ ሱሪው በገመድ የታሰረው ሰው መጣ ብዬ ክው ብዬ ቀረሁ።

የሄደው ወደ መቃብሩ ነው። ከኔ ስም ሥር ያለችውን «19» ብቻ ፍቆ ሊያነሳ አስቦ ነው። የሚንኮ እጅ የለው፤ በሦስተኛው ምት ድንጋዩ ከአናቱ እስከ እግሩ ተሰነጠቀ። በአራተኛው የሱም የኔም ስም አብሮ ወረደ። ጌና ጮኸች፣ መንደሩ ወጣ፣ ቄሱ በነጠላ ጫማቸው እየሮጡ መጡ።

«ቫልቾ፣ ምን ነካህ? የራስህን መቃብር ታፈርሳለህ?»

«የሷን ብቻ ነበር የፈለግሁት አባቴ። አልለይ አለኝ» አላቸው።

ድንጋይ መስበር መጥፎ ነው ያሉ አሉ። ሚንኮ እንደ ልጅ አለቀሰ አሉ፣ ሥራው ነዋ። እኔ ደርሼ በክንዱ ይዤ ወደ ቤት አመጣሁት። መዳፉ ተልጦ ደም በደም ሆኗል። ራኪያ አረቄ እያፈሰስኩ ሳጥብለት ቁስሉ እንኳ አላቃጠለውም።

«ያኔ ዓመቱን ሲጽፍ አጠገቡ ቆሜ አየሁት» አለኝ። «'ይህን አንተ አታውቅም' ልለው ይገባኝ ነበር። አውቶብሱ መቼ ነው?»

«ማክሰኞ።»

«በሚቀጥለው ማክሰኞ እንሄዳለን። እኔም እሄዳለሁ። ፍየሎቹን ሚንኮ ይጠብቃቸው፤ ከእንግዲህ ሥራ የለውም።»

ነገሩ ይኸው ነው። አልጋውን ለሰው እንዳትሰጪብኝ። ፈርቻለሁ፣ ኢስክራ። እስከ ዛሬ አልፈራሁም ነበር፤ አሁን ፈርቻለሁ።

ጾንካ


ሶፊያ፣ ኖቬምበር 9 ቀን 1999

ውድ እትዬ ጾንካ፣

«ወይዘሮ» ማለቱን እንድተው ስላዘዙኝ ትቼዋለሁ።

በሠንጠረዤ ላይ የት እንዳስቀመጥኩዎት ጠይቀዋል። «ተመልሷል» በሚለው ዓምድ ውስጥ ነዎት። ለጥናቱ ይህ ማለት መድኃኒቱ በእርስዎ ላይ አልሠራም ማለት ነው። አብረውዎት ከፈረሙት ውስጥ በዚያ ዓምድ ያሉት ከጠበቅነው በላይ ናቸው፤ ፕሮፌሰሩ መድኃኒቱ እንደማይቀጥል ከወዲሁ ተናግረዋል። ስለ መድኃኒቱ ለጠየቅሁት መልስ አግኝቻለሁ፣ የፈለግሁት መልስ ግን አልነበረም። ያንን ለማወቅ እርስዎና ሌሎቹ ገላችሁን ሰጥታችኋል። ልነግርዎ የምፈልገው ይህን ነው፤ በየትኛው ቃል እንደሚባል ግን አላውቅም።

ስለ ጤናዎ፦ በሁለተኛው ቀዶ ሕክምና እብጠቷ ከነአካባቢዋ ወጥታለች። ጨረሩም፣ በደም ሥር የሚሰጠውም መድኃኒት አልቋል። በኦክቶበሩ ምርመራ የታየ ነገር የለም። «ድነሻል» የሚልዎ ሰው ካጋጠመዎት ግን አይመኑት። የታየ ነገር የለም፤ እኔ የምለው ይህን ብቻ ነው። ጸጉርዎ ተመልሶ ይበቅላል። አፍዎ ላይ የሚሰማዎት የብረት ጣዕም ቀስ እያለ ይለቃል።

አቶ ቫልቾ እንዴት ናቸው? ኮሪደሩ ላይ ያሉት ባሎች ሁሉ ይጠይቁኛል። እሳቸው ሳይመጡ በፊት እነዚያ ሰዎች ለየብቻቸው ቆመው ግድግዳ ነበር የሚያዩት። እሳቸው ዳቦና ቃሪያ ዘርግተው «ና ብላ፣ ሚስትህ ስትወጣ ቆመህ ብትጠብቃት ይሻላል ወድቀህ?» እያሉ ሰበሰቧቸው። አሁንም ማክሰኞ ማክሰኞ እዚያው መስኮት ሥር ይሰባሰባሉ፤ ምግብ ይዞ የሚመጣው በየተራ ነው። ነርሶቹ ሊያስነሷቸው ሞክረው ተስፋ ቆርጠዋል።

አንድ ነገር ሳልነግርዎ ቆይቻለሁ። ሜይ 18 ጠዋት አውቶብስ ተራ ሄጄ ነበር። ሥራ አለኝ ብዬ ወጥቼ፣ ከጋዜጣ ሻጩ ኋላ ቆሜ ጠበቅሁ። ሁለታችሁ ስትወርዱ አየሁ፤ እርስዎ ቦርሳውን ይዘዋል፣ እሳቸው የታሰረ እጃቸውን። ከዚያ ቀድሜያችሁ ተመለስኩና ጠረጴዛዬ ላይ ተቀምጬ ጠበቅኋችሁ። ለምን እንደተደበቅሁ እስካሁን አላውቅም።

ኢስክራ


ካሊን ዶል፣ ጃንዋሪ 4 ቀን 2000

ለልጄ ለኢስክራ፣

አለሁ። እንኳን አደረሰሽ።

ከጋዜጣ ሻጩ ኋላ የቆመችውን ባለ ቡናማ ካፖርት ሴት አይቻት ነበር። ሰው የሚሰልል መሰለኝና ቦርሳዬን አጥብቄ ያዝኩ።

ጸጉሬ መጣ መጣ ብሏል፤ እንደ ጫጩት ነው፣ የቫልቾን ቆብ ደፍቼ ነው የምውለው። የብረቱ ጣዕም ለቆኛል። መንደሩ አዲስ ዓመቱን ካከበረ ወዲህ ሚንኮ ዕረፍት አጥቷል፤ ሲሚንቶውን በባልዲ ይዞ ከድንጋይ ድንጋይ ይዞራል። ያለፈው ዓመት ያልወሰደው ሰው ሁሉ «የኔን አስቀድምልኝ» ይለዋል፤ ከሁሉ በፊት ቄሱ ናቸው ያሉት። እኛ ዘንድም መጥቶ አዲስ ልሥራላችሁ አለ። ቫልቾ በር ላይ እንደቆመ «የምንፈልግ ቀን እንጠራሃለን» ብሎ ሸኘው።

ቫልቾ እንዴት ነው ላልሽኝ፣ ተኳርፈናል።

በአዲስ ዓመት ቀን ምሳ ላይ ነው። የአይብ ባኒጻ ጋገርኩ፤ እንደወጉ በስሱ ሊጥ እጥፋት መካከል ዕድል የተጻፈባቸውን ወረቀቶች ከተትኩ፤ «ጤና»፣ «ፍየሎች»፣ «መንገድ»፣ «እንግዳ» የሚሉ። ትሪው ይሽከረከርና ሲቆም እያንዳንዱ ፊቱ የቆመውን ቁራሽ ይወስዳል። ከታመምኩ ጀምሮ «ጤና» የምትለዋ ሁልጊዜ እኔ ፊት ነበር የምትቆመው። ሞኝ አይደለሁም። ቫልቾ ከላይዋ ስንጥር ሰክቶ ምልክት ያደርግባታል፤ ትሪውን አዙሮ አዙሮ ስንጥሯ እኔ ጋ ስትደርስ በአውራ ጣቱ ያቆመዋል። እያየሁ እንዳላየ እሆን ነበር። ሾርባው ቢያርም «ይጣፍጣል» ነው የሚለኝ። ክፉ ቃል ከአፉ ወጥቶ አያውቅም። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ያናግረኛል፤ ሬሳ ያለበት ቤት እንደሚገባ ሰው።

ዘንድሮ ትሪውን አሽከረከረው፣ ዞሮ ዞሮ በራሱ ቆመ። የኔን ስፈታ «ፍየሎች» ይላል። እሱ የራሱን ፈታና አነበበና ኪሱ ከተተው።

«ምን ደረሰህ?» አልኩት።

«ጤና።»

«ስጠኛ።»

«ለምን ብዬ?»

«የኔ ናት። ሁልጊዜ የኔ ናት።»

«ስምሽ ተጽፎባታል? እኔ ፊት ቆመች፣ እኔ በላኋት።»

«ታምሜ እኮ ነው የከረምኩት!»

«እኔስ? ጉልበቴን የጠየቀኝ ሰው አለ? አንቺ ብቻ ነሽ እንዴ በዚህ ቤት ሰው? ደግሞ ባኒጻው ጨው በጨው ነው!» ብሎ ጮኸ። ድመቷ ከምድጃው ሥር ወጥታ ሸሸች።

እኔም ተነስቼ ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ ነገርኩት። እሱም እናቴን አነሳ። እኔም የሱን እናት አልተውኩም። በሩን በኃይል ዘግቶ ወደ ፍየሎቹ ወጣ። እኔ ወንበሬ ላይ ቁጭ አልኩና ከደስታ ብዛት አለቀስኩ። ይኸው ዛሬ አራተኛ ቀናችን ነው፣ አልታረቅንም። እሱ እንደሁ ግትር ነው። እኔም አልቸኮልኩም።

ጾንካ